ድሪሉን ተዉትና ቻርጀሩን እዩ

ባህር ዳር ውስጥ ህንፃ መሣሪያ ቤት ገብቶ ባለ ባትሪ ድሪል የሚገዛ ሰው የሚያደርገው አንድ ነው። ድሪሉን ያነሳል። በእጁ ይመዝነዋል። ማስነሻውን ጫን አድርጎ "ዝዝዝ" ያሰኘዋል፣ ጭንቅላቱን ያዞራል፣ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። ሳጥኑ ጥግ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተኛውን ቻርጀር ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሻጩም አያነሳውም። እኔ የኩሽና ካቢኔትና ቁም ሣጥን ገጣጣሚ ነኝ፣ እንጀራዬ በባትሪ ነው፣ እና በዚህ ከተማ ሥራ የሚያስቆመው ከድሪሉ ይልቅ ቻርጀሩ ነው ብዬ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ምክንያቱ መብራት ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን። ጢስ ዓባይ ቅርባችን ነው። ከጣና ውሃ እየሳበ የሚሠራው የበለስ ማመንጫም 460 ሜጋ ዋት ተብሎ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። እኛ ግን ገና ሥራ ስንጀምር "መብራት ሄደ" እንባባላለን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ ቻርጀር ስመርጥ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መብራት ባለባት ሰዓት ምን ያህል ይሞላልኛል? መብራቱ ሲሄድና ሲመለስስ ይተርፋል ወይ? ቀለሙና ሻንጣው የልጅ ጨዋታ ነው።

ሒሳቡን አስቀድሜ ልጨርሰው፣ ቀላል ነው። ባትሪው ላይ 2፣ 4 ወይም 5 የሚል ቁጥር አለ። አምፒር-ሰዓት ነው፣ ባትሪው የሚይዘውን መጠን ይነግራችኋል። ቻርጀሩ ሆድ ላይ ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ፣ እሱ አምፒር ነው፣ የሚሞላበት ፍጥነት። ሻጮች ሁለቱንም በደፈናው "አምፒር" ይሏቸዋል። "ባለ 4 አምፒር ነው" ሲሏችሁ "ባትሪው ነው ቻርጀሩ?" በሉ። ከዚያ ማካፈል ብቻ ነው። ባለ 4 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በ2 አምፒር ቻርጀር 2 ሰዓት ይፈጃል፣ መጨረሻ ላይ ስለሚያዘግም ትንሽ ጨምሩበት። ያንኑ ባትሪ በ4 አምፒር ስትሞሉት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። መብራት ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ የሚመጣበት ቀን ላይ ይሄ ልዩነት ደሞዝ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ 18 ቮልትና 20 ቮልት እየተባለ የሚካሄደው ክርክር ባዶ ነው። ሁለቱም ውስጥ በተከታታይ የተያያዙ 5 ሊቲየም ሴሎች አሉ። የአንዱ ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3.6 ነው፣ በ5 ሲባዛ 18። ሙሉ ሲሆን 4.2 ይደርሳል፣ በ5 ሲባዛ 21። አንዱ አምራች ዝቅተኛውን ቁጥር ጻፈ፣ ሌላው ከፍተኛውን ወደ 20 አጠጋግቶ ጻፈ። "20 ቮልቱ ጉልበት አለው" ብሎ ገንዘብ የሚጨምርባችሁ ሻጭ ካለ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ከርካሹ ልጀምር፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚገዛው እሱን ነው። ቅዳሜ ገበያ አካባቢም፣ ቴሌግራም ላይም፣ "88ቪኤፍ"፣ "198ቪኤፍ" የሚል በትልቁ የተጻፈባቸው ዕቃዎች ሞልተዋል። ባትሪያቸው ቅርጹ የማኪታን ይመስላል። ድሪል፣ ግራይንደር፣ ሁለት ባትሪ፣ አንድ ሻንጣ ሙሉ ቢት፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ዓይን ይማርካል። ቁጥሩን ግን ቮልት ነው ብላችሁ አትመኑት። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ጫፎቹን በቴስተር ለኩት፣ 20 ወይም 21 ቮልት ገደማ ነው የሚያሳያችሁ። 88 የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ያው 5 ሴል ነው።

አብሮት የሚመጣው ቻርጀር የዋይፋይ አዳፕተር የመሰለ ቀጭን ነገር ነው። ሆዱ ላይ 21 ቮልት ይላል፣ አምፒሩ ደግሞ አንድ ቢሆን ነው፣ አንዳንዱ አንድም አይሞላ። ጫፉ ክብ ነው፣ ባትሪው ጎን ላይ ባለች ቀዳዳ ይሰካል። ቀይ ይበራል፣ ሲጨርስ አረንጓዴ ይሆናል፣ በቃ። ባትሪው ቢግል አያውቅም። አንዱ ሴል ከሌሎቹ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ አያውቅም። ጥበቃ የሚባለው ሁሉ ባትሪው ውስጥ ባለችው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ተጥሏል፣ ሰሌዳዋም እንደ ዋጋዋ ናት። ባለ 4 የሚባለውን ባትሪ በዚህ ለመሙላት ከአራት ሰዓት በላይ መብራት ያስፈልጋል። አራት ሰዓት! ሳይቋረጥ! የት አግኝታችሁት? ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ከዝግመቱ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ያቺ ክብ ጫፍ ናት። ለ12 ቮልት ድሪል የሚሠራው አዳፕተር 12.6 ቮልት ነው፣ ሦስት ሴል ስለሆነ። አራት ሴል ያለው 16.8 ነው። አምስት ሴል ያለው 21 ነው። የሦስቱም ጫፍ ብዙ ጊዜ አንድ ይሆናል፣ ሦስቱም ጥቁር ናቸው፣ ሦስቱም አንድ መሳቢያ ውስጥ ይጣላሉ። ረዳት ልጅ ሲቸኩል ያገኘውን አንስቶ ይሰካል። ባለ 12 ቮልቱ ላይ 21 ቮልት ሲገባ ሰሌዳዋ ካልያዘችው ባትሪው ያብጣል፣ ሊቃጠልም ይችላል፣ እና ይሄ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ማታ ወርክሾፑ ተዘግቶ፣ ከባህር ዛፍ ፍቅፋቂና ከኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት) ዱቄት አጠገብ ነው። እነዚህን የግድ የምትጠቀሙ ከሆነ በየአዳፕተሩ ላይ በነጭ ቀለም የመሣሪያውን ስም ጻፉበት። ሰው የሌለበት ቤት ውስጥም ሰክታችሁ አትሂዱ።

ቀጥሎ ያለው ከተማችን ውስጥ በብዛት የሚታየው መደብ ነው፣ እነ ኢንግኮና ቶታል የሚባሉት የመሣሪያ ስሞች። ሥራቸውን አልነቅፍም። ባትሪው ቻርጀሩ ላይ ተንሸራትቶ ይገባል፣ ቀዳዳና ክብ ጫፍ የለም፣ የባትሪውን ሙቀት የሚያነብ ተጨማሪ መገናኛ ያለው ነው። መለዋወጫ ከተማው ውስጥ ይገኛል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሊያዩት የሚገባው አንድ ነገር ነው፣ አንድ አምራች ቀርፋፋም ፈጣንም ቻርጀር ይሠራል፣ ሳጥን ውስጥ አብሮ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀርፋፋው ነው። ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ሆዱን ገልብጣችሁ አንብቡ። 2 አምፒር ከሆነ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ለመጋረጃ ሰቃይ፣ ቤቱ ውስጥ አልፎ አልፎ ለሚሠራ ሰው ይበቃዋል። ቀኑን ሙሉ ብሎን ለሚያስር ሰው አይበቃም።

አሁን ወደ ምርጫዬ። ባለ 4 አምፒር ቻርጀር። የዴዋልት ዲሲቢ115 እዚህ መደብ ውስጥ ነው፣ የቦሽ ጋል 18ቪ-40ም እንዲሁ። ባለ 2 ባትሪን ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ፣ ባለ 4ቱን ከሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይጨርሳሉ። ሁለት ባትሪ ያለው ሰው አንዱን ሲሠራበት ሌላው ይሞላል፣ ቀኑ ሳይቆም ይሄዳል። ከመብራቱ የሚስቡት 100 ዋት አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ጄኔሬተርም፣ ባለ 300 ዋት ኢንቨርተርም (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው) ይሸከማቸዋል። ባትሪውንም እንደ ፈጣኖቹ አያግሉትም። ከአንድ ረዳት ጋር ለሚሠራ ባለሙያ ከዚህ በላይ መክፈል አስፈላጊ አይመስለኝም፣ ከዚህ በታች መውረድም ያው መጉላላት ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማይጠቀምበትን ነገር ልንገራችሁ። ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ አይደለም። ቻርጀሩ መጀመሪያ ባለ በሌለ ኃይሉ ይገፋል። ሴሎቹ 4.2 ቮልት ሲጠጉ ግን ቮልቴጁን ይዞ አምፒሩን እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የመጨረሻዋ አንድ አምስተኛ ከሌላው ጋር የማይመጣጠን ጊዜ ትበላለች። መብራት ይሄዳል ብላችሁ ስትሰጉ አረንጓዴውን አትጠብቁ። ሰማንያ በመቶ ሲደርስ አውጡት፣ ሁለተኛውን ስኩ። ሁለት ባትሪ ሰማንያ ሰማንያ ቢሆን ይሻላል ወይስ አንዱ መቶ ሌላው ባዶ? በግማሽ መንገድ ማውጣት ሊቲየምን አይጎዳውም። "ሙሉ ካልሆነ አታውጣው፣ ሙሉ በሙሉ ካላለቀ አትሰካው" የሚለው የድሮው ምክር ለኒኬል-ካድሚየም ባትሪ የነበረ ነው፣ አባቶቻችን ልክ ነበሩ፣ ባትሪው ነው የተለወጠው።

የማኪታው ፈጣኑ ቻርጀር፣ ዲሲ18አርሲ፣ ይቺን ነገር በመብራት ያሳያል፣ ለዚህ ብቻ እወደዋለሁ። ስትሰኩት አረንጓዴ ብልጭ ብልጭ ይላል። ባትሪ ሲገባ ቀይ ይሆናል። 80 በመቶ ሲደርስ ቀዩና አረንጓዴው አብረው ይበራሉ። ሲሞላ አረንጓዴው ብቻውን ይቀራል፣ ዜማም ያሰማል። እስከ 9 አምፒር ይገፋል። ባለ 3 ባትሪን በ22 ደቂቃ፣ ባለ 5ቱን በ45 ደቂቃ ይጨርሳል። ውስጡ ማራገቢያ አለ፣ አየሩ በባትሪው ሆድ ውስጥ አልፎ ሴሎቹን ያበርዳል። ታናሽ ወንድሙ ዲሲ18ኤስዲ ያንኑ ባለ 5 ባትሪ 110 ደቂቃ ነው የሚፈጅበት፣ ማራገቢያም የለውም። ሲገዙ ሁለቱ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ በስተቀር ልዩነታቸውን ዓይን አይለይም፣ ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት እዩ።

ታዲያ ለምን ሁላችሁም 9 አምፒሩን ግዙ አልልም? በሦስት ምክንያት፣ አንዱ ዋጋ ነው፣ እሱን ተዉት። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የህንፃ መሣሪያ ቤት ዋጋ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም፣ ቁጥር ብጽፍላችሁ ስታነቡት ይዋሻል። ሁለተኛው ባለ 2 ባትሪ ብቻ ላለው ሰው ፍጥነቱ ከንቱ መሆኑ ነው፣ ትንሹ ባትሪ ያን ሁሉ አምፒር አይቀበልም፣ ቻርጀሩ ራሱ ይቀንስለታል። ሦስተኛው ሙቀት ነው።

ሙቀቱን እንዲህ ብዬ ላስረዳ። በሚያዝያ የምንሠራው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ግራይንደር ላይ የነበረ ባትሪ አልቆ ሲወጣ በእጅ ለመያዝ ያስቸግራል። እሱን በትኩሱ ፈጣን ቻርጀር ላይ ብታስቀምጡት ቀዩ ብልጭ ብልጭ እያለ ይቆማል። አልተበላሸም። ይብረድ ብሎ እየጠበቀ ነው። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ "ቻርጀሩ ሞተ" ብሎ ጠጋኝ ጋ ይወስደዋል። ቀይና አረንጓዴ እየተፈራረቁ ብልጭ ካሉ ያኔ ባትሪው ላይ ችግር አለ። ቢጫ ብልጭ ካለ ማራገቢያው ወይም የአየር መንገዱ ነው፣ እና እኛ እንጨት ሠራተኞች ዘንድ ምክንያቱ ዘጠና ከመቶ ዱቄት ነው። የኤምዲኤፍ ዱቄት የዋዛ አይደለም። ባትሪው ታች ያለችውን የአየር ቀዳዳ ታሽጋለች፣ ከተለጣፊ ሙጫ ጋር ከተገናኘች ደግሞ እንደ ቂጣ ትደርቃለች። ቻርጀሩን መቁረጫው ካለበት ክፍል አውጡት። በረንዳ ጥላ ላይ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቦታ። ቀዳዳውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጥረጉ። እና የሞቀ ባትሪን ከመሰካታችሁ በፊት ሻይ ጠጡ፣ እሱም ይረፍ።

ከአሜሪካ ስለሚመጣው ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም፣ ባህር ዳር ውስጥ ዘመድ ያላመጣለት የለም። አጎት ወይም እህት ከአሜሪካ ሲመጡ ቆንጆ ድሪል በሻንጣ ይዘው ይመጣሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ቻርጀሩ ሆድ ላይ ግን 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። እኛ ጋ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ሶኬቱ ጠፍጣፋ ሁለት ጥርስ ስለሆነ ሰው ችግሩ የሶኬት ብቻ ይመስለዋል፣ ርካሽ መቀየሪያ ይገዛና ይሰካዋል። ጢስ። መቀየሪያው የጥርሱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መግዛት ነው፣ ቻርጀሩ ከሚስበው ዋት እጥፍ የሚችል፣ ከባድና የሚሞቅ ነገር፣ ሥራ ቦታ ይዞ መዞር አድካሚ። ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፣ የዚያኑ አምራች ባለ 220 ቻርጀር ፈልጎ መግዛት። ባትሪው ያው ነው። ለምሳሌ ዴዋልት አሜሪካ ውስጥ 20 ቮልት ማክስ ብሎ የሚሸጠውና አውሮፓ ውስጥ 18 ቮልት ኤክስአር ብሎ የሚሸጠው ባትሪ አንድ ነው፣ የአውሮፓው ቻርጀር የአሜሪካውን ባትሪ ይሞላል። ዘመድ ገና ካልመጣ ግን ከሁሉ የሚሻለው መጠየቅ ነው፣ "ባዶውን መሣሪያና ባትሪውን አምጣልኝ፣ ቻርጀሩን እኔ እዚህ እገዛለሁ" በሉት። የሻንጣ ኪሎም ይቀንስለታል። ሆዱ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ በሰላም ስኩት፣ እንዲህ ያለው ቻርጀር እንዲያውም ለእኛ መብራት የተሠራ ነው የሚመስለው፣ ምክንያቱም ቮልቱ ሲወርድም አይደነግጥም።

ቮልት ሲወርድ ስል የማወራው ስለ ጎረቤቴ ነው። ከወርክሾፔ ግድግዳ ወዲያ ብየዳ ቤት አለ። በሩን፣ አጥሩን፣ የውሃ ታንከር መቆሚያውን ይበይዳል። ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ በነካ ቁጥር የእኔ አምፖል ይደበዝዛል፣ የቻርጀሬ ማራገቢያ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲያነሳ ደግሞ ከፍ ይላል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነን። ከዚህ ሰው ጋር መጣላት አያዋጣም፣ ጥሩ ሰው ነው፣ በዚያ ላይ ማጠፊያ የሚሠራልኝ እሱ ነው። ቮልቱን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር ገዛሁ፣ ትንሹን፣ ለቻርጀር ብቻ። ከቻርጀሩ ርካሽ ነው። አያስፈልግም ካላችሁኝ ግድ የለም፣ እኔ ግን ማሳወቄ ነው፣ ቻርጀር ከመብራት ጉዳት የሚሞተው ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው። መብራት ሲሄድ ንቀሉ። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ፍሪጁንና ምጣዱን ሲያስነሳ ቮልቱ ይወዛወዛል፣ ይረጋጋ። ክረምት ላይ ደግሞ የጣና ነጎድጓድ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሰማዩ ከዘጌ በኩል ሲጠቁር ቻርጀሩን ነቅዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የማስገባው።

ጄኔሬተር ላይ ስትሰኩ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አስነሱት፣ ድምፁ ይስተካከል፣ ከዚያ ቻርጀሩን ስኩ። ስታጠፉ በተቃራኒው፣ ቻርጀሩ ቀድሞ ይነቀል። ነዳጅ እስኪያልቅ ድረስ ተሰክቶ አይቆይ፣ ሊጠፋ ሲል የሚንተፋተፈው ያ ጊዜ ነው መጥፎው። ኢንቨርተር የምትገዙም ካላችሁ "ፒዩር ሳይን" የሚባለውን፣ ሞገዱ ለስላሳ የሆነውን፣ ግዙ። ርካሾቹ የሚሰጡት ሞገድ ጠርዘኛ ነው፣ አንዳንድ ቻርጀር በዚያ ላይ ያንጎራጉራል፣ ይሞቃል።

ከከተማ ወጥቶ ሐይቁ ዳር የሚሠራ ሰው ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። ዘጌ ወይም አንዱ ደሴት ላይ በጀልባ ሄዳችሁ በር ስትገጥሙ "ቻርጀሬን ረሳሁ" ብሎ መመለስ የለም። እዚያ የሚያዋጣው ተጨማሪ ባትሪ ነው። ሁለት ባትሪና አንድ ውድ ቻርጀር ከምትይዙ አራት ባትሪና አንድ መካከለኛ ቻርጀር ያዙ። ማታ ሎጁ ጄኔሬተር ሲያስነሳ በተራ በተራ ትሞላላችሁ። በመኪና የምትዞሩ ከሆነ ደግሞ በመኪና ባትሪ የሚሠሩ ቻርጀሮች አሉ፣ የማኪታ ዲሲ18ኤስኢ በ12ም በ24ም ቮልት ይሠራል፣ የዴዋልት ዲሲቢ119 በ12 ቮልት። እዚህ መደብር ውስጥ አላየኋቸውም፣ አዲስ አበባ ማስፈለግ ወይም ማስመጣት ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ረጅም ሰዓት አትሙሉበት፣ መኪናውን ልትገፉ ነው። ባጃጅ ላይ አትሞክሩት፣ ባትሪዋ አትችልም።

ዕቃውን ስትገዙ ሱቅ ውስጥ አስሰኩት። ይሄ የሰው ሁሉ መብት ነው። አንዱ የምሄድበት ቤት ባለቤት፣ ስሙን ተዉት፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚሸጥ ጎልማሳ ሰው ነው፣ "ጋሼ፣ ይሰካልኝ" ስለው ሳያኮርፍ ማከፋፈያውን ይጎትትና ባትሪውን አስገብቶ ዘወር ይላል። አሥር ደቂቃ ቆሜ አያለሁ። ማራገቢያ ካለው ይሽከረከራል ወይ? የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል ወይ? ባትሪው ቁልፉ ላይ "ጠቅ" ብሎ ይገባል ወይስ ይወዛወዛል? ሌላኛው ቤት ግን፣ ከዋናው መንገድ ላይ ያለው፣ "ካሸግኩት በኋላ አልከፍትም፣ ኦሪጅናል ነው አልኩህ" አለኝ። ወጣሁ። ኦሪጅናል የሆነ ዕቃ መብራት አይፈራም።

ኮፒን ለመለየት ክብደት ይረዳል። በእጅ ሲያዝ ባዶ ሳጥን የሚመስል ፈጣን ቻርጀር አትመኑት፣ ያን ያህል አምፒር የሚሰጥ ዕቃ ውስጡ የሽቦ ጥቅልና ማብረጃ ብረት አለው። ሆዱ ላይ ያለው ጽሑፍ በጣት ጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ከሆነ፣ የሞዴሉ ቁጥር ከሳጥኑ ጋር ካልገጠመ፣ ገመዱ ቀጭንና ደረቅ ከሆነ፣ መልሱት። ባትሪው የሚገባበትን ቦታም እዩ። ጥሩው ላይ ከሁለቱ ትላልቅ መገናኛዎች ሌላ ትንንሾች አሉ። ቻርጀሩና ባትሪው የሚነጋገሩት በእነሱ ነው። ሁለት ብቻ ካለ፣ ንግግር የለም፣ ዝም ብሎ መግፋት ብቻ ነው።

የቻርጀር ጋብቻ በአምራች መሆኑንም አትርሱ። የማኪታ የቦሽን አይሞላም። የቦሽ ሰማያዊው የቦሽ አረንጓዴውን እንኳ አይሞላም። በመካከል የሚገቡ ርካሽ ማገናኛዎች አሉ፣ ባትሪውን መሣሪያው ላይ ለማስገባት ያገለግላሉ፣ ለመሙላት ግን አትጠቀሙባቸው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ድሪል ስትገዙ የምትገዙት ቤተሰቡን ነው፣ ቀጣዩን ግራይንደርና ጂግሶ ያለ ባትሪና ያለ ቻርጀር ባዶውን ትገዛላችሁ፣ ያኔ ነው ገንዘብ የሚተርፋችሁ።

ከእኔ ጋር ካቢኔት የሚገጥም ልጅ "ወንድም ጋሼ፣ ምን ልግዛ?" ብሎ ጠይቆኝ ያልኩት ይሄ ነው። በከተማው መለዋወጫ ያለውን ስም ምረጥ፣ ሁለት ባለ 4 ባትሪ፣ አንድ ባለ 4 አምፒር ቻርጀር፣ አንድ ትንሽ ስታቢላይዘር፣ እና አብሮ የመጣውን ቀርፋፋ ቻርጀር አትሽጠው፣ ቤት አስቀምጠው፣ ማታ ሁለቱንም በአንዴ ትሞላለህ፣ አንዱ ቢቃጠልም ሥራ አትፈታም። ግራይንደርና መጋዝ ላይ የሚውል፣ ሦስት አራት ሠራተኛ ያለው ሰው ከሆነ ግን ፈጣኑን ይግዛ፣ ዲሲ18አርዲ የሚባለው የማኪታ ሁለት አፍ ያለው ነው፣ ሁለት ባትሪ በአንዴ ይሞላል።

ደረሰኝ ስትቀበሉ ደግሞ "ድሪል ከነ ሙሉ ዕቃው" ብቻ ብሎ እንዳይጽፍላችሁ። የቻርጀሩን ሞዴል ለብቻው አስጽፉ፣ ዋስትናው እሱንም ይጨምር እንደሆነ እዚያው ጠይቁ። ብዙ ቤት ዋስትና ሲሉ የሚያስቡት ሞተሩን ብቻ ነው፣ ቻርጀር ይዛችሁ ስትመለሱ "እሱ የመብራት ጉዳይ ነው" ይሏችኋል።